ማንጎው የተከሰሰበት ሰሞን

ባጃጅ ውስጥ ከመጋዝ ጋር ተሳፍሮ የማያውቅ ሰው ካለ እንዳይሞክረው እመክራለሁ። በግንቦት ወር፣ አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ጅማ ውስጥ ከመንደራ ቆጪ ሰፈር ወደ በቾ ቦሬ ልሄድ ያስቆምኳት ባጃጅ የኋላ ወንበሯ ግማሹ በመጋዝ ተይዞ ነበር። ሁለት ሰው ወዲያና ወዲህ ሆኖ የሚስበው ዓይነት ረጅም መጋዝ ነው። ጥርሱ በጆንያ ተጠቅልሏል፤ አንዱ ጫፉ በበሩ በኩል ወደ ውጭ ወጥቶ አላፊ አግዳሚውን ያስፈራራል። እግሬን ሰብስቤ እንደምንም ተቀመጥኩና የመጋዙን ባለቤት ልገላምጥ ዞር ስል አባቦራ ናቸው። ግልምጫዬን ወዲያው ወደ ፈገግታ ቀየርኩት።

አባቦራን የማያውቅ የበቾ ቦሬ ሰው የለም። ድሮ የቡና ነጋዴ ነበሩ፤ አሁን ንግዱን ለልጆቻቸው ለቀው የሰፈር ሽማግሌ ሆነዋል። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ አጥር ተገፋ ሲባል፣ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው እሳቸው ግቢ ነው። ግቢው ውስጥ ካለው ትልቅ ማንጎ ሥር ከሳሽንና ተከሳሽን ፊት ለፊት ያስቀምጡና ሁለቱንም እስከ መጨረሻው ይሰማሉ። የአንዱን ብቻ ሰምተው ፈረዱ ተብሎ አይታወቅም። እኔም የኮሌጅ መምህር ሆኜ ጅማ ስመደብ መጀመሪያ የተከራየሁት የእሳቸውን ሰርቪስ ቤት ስለነበር፣ ከዚያ ማንጎ ብዙ በልቻለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ ለማን እንዳደላሁ አንባቢ እንዲያውቅልኝ ነው።

ሰላምታችን እንደ ወትሮው ረዘመ። ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ዝናቡ ተጠያየቅን፤ እሳቸው ለሁሉም «አልሀምዱሊላህ፣ ናጋ ነው» እያሉ መለሱልኝ። ፊታቸው ግን የሰላም ፊት አልነበረም። ከስተዋል፤ ጨዋታቸውም ቀዝቅዟል። በመጨረሻ መጋዙ ምን ሊሠራ እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«ማንጎውን ልጥለው ነው» አሉኝ መንገዱን እያዩ። «መጋዙ የወዳጄ የሙርሺድ ነው። ነገ ጠዋት መጥቶ ሊያግዘኝ ቃል ገብቶልኛል፤ ግንዱን ለበር ይፈልገዋል።»

የሚቀልዱ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምና አባቦራ ሐኪም ቤት ሄደው ስኳር አለብዎት ተባሉ። ኪኒን ታዘዘላቸው፤ ጣፋጭ ነገር እንዲቀንሱም ተነገራቸው። ቃል አክባሪ ሰው ስለሆኑ ከዚያን ቀን ጀምሮ ጣፋጭ የሚሉትን ሁሉ እርግፍ አድርገው ተዉ። ሻያቸው ያለ ስኳር ሆነ። ሙዝ፣ ፓፓያና ብርቱካን ማዕዳቸው ላይ ዝር አላለም። ከሁሉም በላይ ማንጎ ተከለከለ። እንደዚያም ሆኖ ለክትትል በሄዱ ቁጥር ስኳራቸው ከፍ እንዳለ ነው። አስበው አስበው የደረሱበት መደምደሚያ፣ ከዛፉ ወድቆ መሬት ላይ የሚበሰብሰው ማንጎ ሽታው በመስኮት እየገባ ስኳራቸውን ከፍ ያደርገዋል የሚል ሆነ። ስለዚህ ዛፉ መውደቅ አለበት።

ማንጎው ለምን ይበሰብሳል ትሉ ይሆናል። በዚያ ቤት አንድ ወግ አለ። የዓመቱን የመጀመሪያ ፍሬ የቤቱ አባት ቆርጠው ቀምሰው ካልመረቁ በቀር ከዛፉ ማንም አይበላም። ከመረቁ በኋላ ግን በሩ ለሰፈሩ ልጅ ሁሉ ክፍት ነው። ዘንድሮ አባቦራ ማንጎ ስለማይቀምሱ ምርቃት የለም፤ ምርቃት ስለሌለ የሚበላ የለም። የሰፈሩ ልጆች በአጥር ቀዳዳ እያዩ ምራቃቸውን ይውጣሉ። ዛፉ ይህን ሁሉ ስለማያውቅ ማፍራቱን አላቆመም።

ከዚህ የባሰ ደግሞ አለ። ማንጎውን የተከሉት ባለቤታቸው ወይዘሮ መድና ናቸው። ከአጋሮ ተድረው ሲመጡ ከአባታቸው ጓሮ ፍሬውን በመሀረብ ቋጥረው አምጥተው፣ ራሳቸው ቆፍረው፣ ራሳቸው ውኃ አጠጥተው ያሳደጉት ነው። ዛፉ ሊቆረጥ ነው የሚለውን ከሰሙበት ቀን ጀምሮ ባላቸውን አኩርፈዋል። ምግቡን ያቀርባሉ፣ ልብሱን ያጥባሉ፣ ቃል ግን አይተነፍሱም። የሰው ትዳር ሲያስታርቁ የኖሩ ሽማግሌ የራሳቸው ቤት ጸጥ ብሎባቸዋል። ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ስለሰለለ፣ እኔም የምሄድበትን ጉዳይ ትቼ አብሬያቸው ወረድኩ።

ግቢው ሲገቡበት በእርግጥ ይሸታል። ዝንቡ ዘመድ አዝማዱን ጠርቶ ድግስ ላይ ነው። ወይዘሮ መድና እኔን በደስታ አገላብጠው ሳሙኝና መጋዙን እንዳላዩ ሆነው ወደ ጓዳ ገቡ። ከማንጎው ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጣ ታጠና የነበረችው የልጃቸው ልጅ ፈሂማ ግን መጋዙን አየችና ተነሣች። ፈሂማ እዚሁ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሥነ ምግብ የምታጠና ልጅ ናት፤ ረጋ ብላ ትናገራለች፤ የያዘችውን ነገር ግን በቀላሉ አትለቅም። ከአያቷ የወረሰችው ይህንን ይመስለኛል።

አያቷን ሳመች፤ መጋዙንም ተቀበለቻቸው። ከዚያ ወንበር አቅርባ ካስቀመጠችን በኋላ በትሕትና ጠየቀች፦ «አባባ፣ ዛሬ ጠዋት ምን በሉ?»

እሳቸውም ሳይደብቁ ነገሯት። ሲነሱ አንድ ብርጭቆ ሙቅ ውኃ በማር፤ በላዩ ላይ ግራዋ ያኝካሉ። ቀጥሎ ነጭ ዳቦ በሻይ፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ማርቃ። ማርቃ ጅማ ውስጥ ቅቤ መሀሉ የሚፈስበት ገንፎ ነው፤ አባቦራ እሱንም ማር ጨምረውበት ነው የሚበሉት። ይህን ሲያወሩ ምንም የተሳሳቱ አይመስላቸውም ነበር።

«ታዲያ ማሩስ?» አለች ፈሂማ።

«ማር መድኃኒት ነው፤ ጣፋጭ አይባልም» አሉ አባቦራ። «ፈውስ እንዳለው የማያውቅ ሙስሊም የለም። ለጥንቃቄ ብዬ ደግሞ ግራዋ አኝክበታለሁ። መራራው ጣፋጩን ይሰርዘዋል።»

ይህን የማር ነገር አባቦራ ብቻ የሚሉት አይደለም። ጅማ ውስጥ ስኳር ያለበት ሰው ከሻዩ ላይ ስኳሩን ያነሣና በቦታው ማር ይጨምራል፤ ከዚያም ስኳር ትቻለሁ ብሎ ለሐኪሙ ይምላል። ጫካችን ማር ስለሚሰጥ እኛም ማር ላይ ክፉ ለመናገር አንደፍርም። ፈሂማም ክፉ አልተናገረችም። የተናገረችውን እንዳለ ላስቀምጠው፦

«አባባ፣ ማር ፈውስ የለውም አላልኩም። ግን የሳል ሽሮፕ ለወገብ ሕመም አይጠጣም። ማር ደም ውስጥ ሲገባ ያው ስኳር ነው፤ የእርስዎ በሽታ ደግሞ ስኳር ነው። ግራዋው የሰረዘው ምላስዎ ላይ የቀረውን ጣዕም ነው። የተዋጠውን ማን ይሰርዘዋል? ሐኪሙም ጣፋጭ ይቀንሱ ሲል ምላስዎን ዳኛ አላደረገውም። ነጭ ዳቦ አይጣፍጥም፤ ሆድ ውስጥ ሲደርስ ግን ስኳር ይሆናል። ማርቃውም እንደዚያው።»

አባቦራ ወደ እኔ ዞሩ። ሽማግሌ ሲጨንቀው አጠገቡ ያለውን የተማረ ሰው ያያል። እኔ ጂኦግራፊ እንጂ ሕክምና እንደማላስተምር ነገርኳቸው። ወደ ልጅቷ ተመለሱ፦

«እሺ ማሩስ ይሁን። ማንጎ ውስጥ ስኳር የለም ልትዪኝ ነው?»

«አለ፤ አልዋሽዎትም» አለች። «ግን ብቻውን አይመጣም። ያ ጥርስዎ ውስጥ እየተሰነቀረ የሚያማርሩት ቃጫ አለ አይደል? ፍሬው ስኳሩን ከቃጫውና ከውኃው ጋር ይዞ ስለሚገባ ደም ውስጥ የሚደርሰው ቀስ እያለ ነው። በዚያ ላይ ሰውነት የሚፈልገውን ቪታሚን ይሰጣል፣ ሆድ ያለሰልሳል፣ ያጠግባል። ስኳር ያለበት ሰው ፍሬ አይከለከልም፤ መጠኑን ግን ማወቅ አለበት። በአንድ ጊዜ አንድ ትንሽ ፍሬ ወይም የትልቁ ግማሽ ይበቃል። ዳቦ ተበልቶ በላዩ ላይ መጨመር ሳይሆን ከዳቦው ቀንሶ ፍሬውን መተካት ነው። ኪኒኑ ደግሞ ፍሬ በላሁ ተብሎ አይተውም።»

እኔ እዚህ ላይ ጥልቅ አልኩና፣ እንግዲያውስ ጁስ ቤት ወስጄ ትልቅ ብርጭቆ ስፕሪስ ልጋብዛቸው አልኩ። ፈሂማ ፈገግ ብላ፣ ጁስ ሲሆን የስንት ፍሬ ስኳር በአንድ ብርጭቆ ገብቶ ቃጫው ደቅቆ በአንድ ትንፋሽ እንደሚጠጣ፣ አንዳንዱም ላይ ስኳር እንደሚጨመርበት አስረዳችኝ። ቀጠለችና እኔም በየቀኑ መጠጣቴን ብተው ለቦርጬ ደግ እንደሆነ ነገረችኝ። ልረዳት ገብቼ ተመክሬ ወጣሁ። አባቦራ ከባጃጁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ።

ሳቃቸው ግን አላሳመናቸውም። እሳቸው የሚያውቁት ሰው አለ፤ ያ ሰው ስኳር ነበረበት፣ ፍሬ ይወድ ነበር፣ እግሩን አጣ። ይህን ሲሉ የራሳቸውን እግር ያሻሹ ነበር። ለካ ነገሩ ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው። አባቦራ ፈርተዋል፤ እግራቸውን እንዳያጡ፣ ዓይናቸው እንዳይጠፋ ፈርተዋል። ማንጎው ላይ የተነሡት ጠላታቸውን ዓይኑን አይተው ሊመቱት ስለፈለጉ ነው። ፈሂማም ይህን ያየች መሰለኝ፤ ከወንበሯ ወርዳ እግራቸው ሥር ተቀመጠች።

«አባባ» አለች፣ «እርስዎ ተከሳሹን ሳይሰሙ ፈርደው ያውቃሉ?»

«አላውቅም።»

«ማንጎው ላይ ግን ፈረዱበት። ምስክር አልጠየቁም። ማሩ ደግሞ አጠገቡ ቆሞ ሳይጠየቅ አለፈ።»

  አባቦራ ዱላቸውን መሬት ላይ መታ አደረጉና፦ «ዱጋ ነው፤ እውነቷን ነው» አሉ። «ይሰማ እንግዲህ። እስከ ዓርብ መጋዙ ቅርንጫፉ ላይ ይሰቀል። ከጁምዓ በኋላ እፈርዳለሁ።»

«ቼክ እናድርጋ» አለች ፈሂማ፤ ልጃቸው ገዝቶላቸው ሳጥን ውስጥ የተቀመጠውን የስኳር መለኪያም ከቤት ይዛ ወጣች።

አካሄዱን የደነገጉት አባቦራ ራሳቸው ናቸው። ረቡዕ እንደ ወትሮው ማር በግራዋ ይወስዳሉ። ሐሙስ በማሩ ፈንታ ግማሽ ማንጎ ይበላሉ። ዳቦው፣ ሻዩና ኪኒኑ በሁለቱም ቀን አንድ ዓይነት ይሆናል፤ የሚለኩበትም ሰዓት እንደዚያው። ዓርብ ደግሞ የሽታው ጉዳይ ይታያል። አንድ ችግር ብቻ ተነሣ። አባቦራ ከዛፉ ቢቀምሱ የዓመቱን ፍሬ ቀመሱ ማለት ነው፤ ፍርድ ሳይሰጥ ደግሞ ምርቃት የለም። ስለዚህ ማንጎ እየበሰበሰ ላለበት ግቢ ከሂርማታ ገበያ ማንጎ እንድገዛ ታዘዝኩ።

ረቡዕ ማሩ ተለካ። ቁጥሩ ሰማይ ነካ። አባቦራ ወዲያው ለማሩ ጠበቃ ሆነው ቆሙ፤ ጣቴ ላይ ማር ቀርቶ ይሆናል አሉ። ፈሂማ ነጥቡ ትክክል ነው ብላ እጃቸውን በሳሙና አስታጠበቻቸውና እንደገና ለካች። ማሩ ከጣታቸው ቢታጠብም ከደማቸው አልታጠበም። ግራዋውን አንሥተው ትክ ብለው አዩትና መልሰው አስቀመጡት።

ሐሙስ የገበያውን ማንጎ ይዤ ስገባ ግን ያልጠበቅነው ምስክር መጣ። ወይዘሮ መድና ከጓዳ ብቅ ብለው በእጄ ያለውን አዩ። የሰነበተው ዝምታቸው እዚያው ፈረሰ።

«እኔ ከተከልኩት ዛፍ ሥር ተቀምጦ የገበያ ማንጎ?» አሏቸው ለባላቸው። «ለመሆኑ ይህ ከየት የመጣ ነው? እዩት ቆዳውን።»

አባቦራ ተናገረችኝ ብለው ደስታቸውን መደበቅ አቃታቸው። ወግ ስለሆነ ነው እንጂ ከእሷ ማንጎ የሚደርስ ማንጎ በጅማ ዞን እንደሌለ በፈሂማና በእኔ ፊት አረጋገጡ። ወይዘሮ መድና አልተመለሱም፤ ቆመው ሲለካ ጠበቁ። ቁጥሩ ከትናንቱ በብዙ ዝቅ ብሎ ወጣ። ፈሂማ ግን የአንድ ቀን መለኪያ ማስረጃ እንጂ ሕግ እንዳልሆነ፣ ቁጥሩ አሁንም ሐኪሙ የሚፈልገው ቦታ እንዳልደረሰ፣ የዳቦውና የማርቃው ተራም እንደሚመጣ ተናገረች። አባቦራ ስለ ዳቦው ሲነሣ ያልሰሙ መሰሉ። ወይዘሮ መድና ግን ሰምተዋል፤ ዳቦ የሚገዙት ደግሞ እሳቸው ናቸው።

ዓርብ ጠዋት አባቦራ ቁርስ ሳይቀምሱ ተለክተው ከማንጎው ሥር ተቀመጡና ያሸቱ ጀመር። በቁም ነገር ነው የሚያሸቱት፤ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ደረታቸውን ነፍተው። ዝንቡም አብሯቸው ነበር። በኋላ ሲለኩ ሽታው ምንም አላደረጋቸውም። «ወላሂ፣ ይህ ዛፍ በሐሰት ነው የተከሰሰው» አሉ።

ከጁምዓ ሶላት መልስ ጎረቤቱ መሰብሰብ ጀመረ። ማንጎ ላይ ሊፈረድ ነው የሚለው ወሬ በቾ ቦሬን አዳርሷል። ሙርሺድም ለበሩ እንጨት ተስፋ አድርጎ መጥቷል። አባቦራ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው፣ ሰው እስኪረጋጋ ጠብቀው ተናገሩ፦

«ማንጎውን ከስሼ ነበር፤ ተከሳሹን ሳልሰማ። አጥፍቻለሁ። የልጄ ልጅ ምስክር አቅርባ አሰምታኛለች። ማሩ ክፉ ነው አልልም፤ እኔ ነኝ ከቦታው ውጭ ያስቀመጥኩት። ከዛሬ ጀምሮ ማር የእንግዳ ነው። እኔ ፍሬዬን በልኩ እበላለሁ፤ ዳቦዬንም እቀንሳለሁ።» ዳቦው ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ትንሽ ወረደ። «ከእናንተ መሀል ስኳር ያለበት አለ፤ አውቃለሁ። ነገ ተነሥቶ አባቦራ አለኝ ብሎ ዛፍ ሙሉ የሚበላ እንዳይኖር። መጀመሪያ ሐኪማችሁን ጠይቁ፣ ተለኩ፣ ኪኒናችሁን አትተዉ። እኔ ስገምት ስንት ወር አለቀ። ከእንግዲህ መገመት ይቅር።»

ይህ ንግግር የሐኪም ቤት ምክር ሁሉ ያልደረሰበት ጆሮ ደረሰ። አንድ ጎረቤት እሱም ማር በሻይ እንደሚጠጣ እዚያው ተናዘዘ፤ አንዲት እናት ደግሞ ለልጇ ሙዝ ከልክላ ለስላሳ እንደምትገዛለት ተናገረች። ፈሂማ መሀላቸው ተቀምጣ እስክትደክም ጥያቄ መለሰች።

ከዚያ ወይዘሮ መድና ቢላና ሰሃን ይዘው መጡ። ፍሬውን የመረጡት ራሳቸው ናቸው። አባቦራ እጃቸውን ታጥበው «ቢስሚላህ» ብለው ቆረጡ፤ አንዲት ቁራጭ አፋቸው ውስጥ አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሁላችንም አፋቸውን እናያለን። ቃጫው ጥርሳቸው ውስጥ ገባ መሰል፣ ምላሳቸውን ወዲያና ወዲህ ሲያደርጉት ሰው ሁሉ ሳቀ። ዕንባቸው ግን መጥቶ ነበር፤ የእኔም እንደዚያው፤ የሚያሳፍር አይደለም። ሁለተኛዋን ቁራጭ ለባለቤታቸው አጎረሱ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው መረቁ፦

«ረቢ ዛፉን ያቆይልን። የተከለችውን እጅ ያቆይልን። የሚበላውን ጤና ይስጠው፤ የታመመውን ልኩን ያሳውቀው።»

«አሚን» አልን። አሚኑ ሳያልቅ የአጥሩ ቀዳዳ ባዶ ሆነ፤ ልጆቹ ሁሉ ግቢው ውስጥ ናቸው። እስከ ማምሻው መሬት ላይ የቀረ ማንጎ አልነበረም፤ ዝንቡም ድግሱ ሲያልቅበት ወደ ሌላ ሰፈር ሄደ።

አንባቢ የኋላውን መጠየቁ አይቀርም። ከዚያ ወዲህ አባቦራ ሁለት ጊዜ ለክትትል ሄደው ሁለቱንም ጊዜ ደስ ብሏቸው ተመልሰዋል። ጨዋታቸው ተመልሷል፤ ማርቃውን ስለቀነሱም አልሞቱም። በቤታቸው ፍሬ አይበሰብስም፤ በትዳራቸው ዝምታ የለም፤ ከማንጎው ሥርም ሰው ሲታረቅ ፈሂማ ቆራርጣ ለከሳሽም ለተከሳሽም እኩል ታቀርባለች። ሳይጠይቁና ሳይለኩ ራስን መከልከል ጥንቃቄ እንደሚመስል፣ ሰውን ግን ከሚጠቅመው ነገር ነጥሎ ከሚጎዳው ጋር እንደሚያስቀምጠው እኔ የተማርኩት በዚያ ግቢ ነው። ስፕሪሱንም ቀንሻለሁ፤ ፈሂማ ባየችኝ ቁጥር ቦርጬን ስለምታይ።

ያን ዓርብ ማታ ከሙርሺድ ጋር አንድ ባጃጅ ላይ ተሳፈርን። የመጋዙን መጠቅለያ ጆንያ ወይዘሮ መድና ማንጎ ሞልተውበት ስለሰጡት፣ ጥርሱን የጠቀለልነው በእኔ ጃኬት ነው። ሾፌሩ በመስታወቱ አየንና ምን ቆርጣችሁ ነው አለ።

ሙርሺድ ጆንያውን ፈትቶ አንድ ማንጎ አቀበለው። «ልንቆርጥ ሄደን ቀምሰን መጣን» አለው።